ኢብኑ ነፊስ እና የደም ጉዞ ወደ ሳንባ



በአስተማሪነት ዘመኔ ስለ ልብ ሲነሳ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ነበር። «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም፣ ደም መልስ ደግሞ የተቃጠለ አየር ያለበት ደም ይይዛል» ይሉኛል። ስሞቹ ግን የሚናገሩት ስለ አቅጣጫ ነው። ደም ቅዳ ከልብ ይወስዳል፤ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ የሚሸከመው ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም ነው።

ከሰውነት የተመለሰ ደም መጀመሪያ ወደ ላይኛው የቀኝ የልብ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ቀኝ ክፍል ይወርዳል። ይህ ክፍል ሲጨመቅ ደሙን ወደ ሳንባ ይገፋዋል። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራግፎ፣ ኦክስጅን ይዞ በግራ በኩል ወደ ልብ ይመለሳል። የታችኛው ግራ ክፍል ደግሞ ለመላው ሰውነት ይረጨዋል፤ ግድግዳው ከቀኙ የወፈረውም ለዚህ ነው። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይረጫል። በሰውነታችን ያለው ደም በሙሉ ከዚህ ብዙም አይለይም። ሱብሓነላህ!

ይህ ከ1000 ዓመታት በላይ በሌላ መልኩ ሲነገር ኖሯል። ጋሌን (ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት) ሁለቱን የታችኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ የማይታዩ ቀዳዳዎች እንዳሉና ደም በእነሱ እንደሚሻገር አስተምሮ ነበር። በደማስቆ ሕክምና ተምረው በካይሮ የሠሩት ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ) በ1242 እ.ኤ.አ. የኢብኑ ሲናን «አል-ቃኑን» የአካል ክፍሎች ምዕራፎች ሲያብራሩ ይህን አልተቀበሉም። ግድግዳው ድፍን ነው፤ ደሙ ወደ ግራ የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ ነው አሉ። የታላቁን ሊቅ መጽሐፍ እያብራሩ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ መለየት ቀላል ድፍረት አይደለም። ኢብኑ ነፊስ የሻፊዒ መዝሀብ ፈቂህም ነበሩ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መባል አለበት። በየማኅበራዊ ሚዲያው «የደም ዝውውርን በሙሉ ያገኙት እሳቸው ናቸው» እየተባለ ይጻፋል። ትክክል አይደለም። እሳቸው የገለጹት የሳንባውን ክፍል ነው። ደም መላውን ሰውነት ዞሮ እንደሚመለስ በ1628 ያስረዳው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ ነው። በሳንባ ውስጥ ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኙትን ቀጫጭን የደም ስሮች በ1661 በማይክሮስኮፕ ያየው ደግሞ ጣሊያናዊው ማልፒጊ ነው። ኢብኑ ነፊስ በእነዚህ ሁለት ስሮች መካከል መተላለፊያ መኖር እንዳለበት መሣሪያ ሳይኖራቸው መናገራቸው ብቻውን ይበቃቸዋል፤ ያልሠሩትን የምንጨምርላቸው ለምንድን ነው?

የዚህ ሥራቸው ዝና ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ነበር። በ1924 ግብጻዊው ሐኪም ሙሒዩዲን አጥ-ጠጣዊ በጀርመን ሲያጠኑ የእጅ ጽሑፉን በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አገኙት። ኢብኑ ነፊስ ራሳቸው በ687 ሒጅሪ (1288) ካይሮ ውስጥ ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ትተው ነበር።