ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ሰው

ከቨርጂኒያዋ በርክ ተነስቶ ዋሽንግተንን በሚዞረው የቤልትዌይ አውራ ጎዳና የዊልሰንን ድልድይ የተሻገረ ሰው ብዙም ሳይርቅ ሱትላንድ፣ ሜሪላንድ ይደርሳል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ቢሮው ድረ ገጾቹንና ቅጾቹን የሚፈትሸው ተራ ሰዎችን እየጋበዘ ነው። ተጋባዡ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሆነ መረጃ እንዲፈልግ ይታዘዛል፤ እየፈለገም የሚያስበውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ፊት ለፊቱ በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስተዋት አለ፤ ፈታኙ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ በማይክሮፎን ያነጋግረዋል።

የሚፈተነው ድረ ገጹ እንጂ ሰውየው አይደለም። ይህ ቢነገረውም ዓይን እንዳረፈበት የሚያውቅ ሰው እንደ ብቻው አይሆንም።

ጉዳዩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ትሪፕሌት ብስክሌተኞች ከሌላ ጋር ሲሽቀዳደሙ ከብቻቸው ይልቅ እንደሚፈጥኑ የጻፈው በ1898 ነው። በ1965 ደግሞ የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ዛዮንክ ነገሩን ለየው፦ የለመዱት ሥራ ሰው እያየ ይቀላል፣ ያልለመዱት ይከብዳል። አዲስ ድረ ገጽ ከሁለተኛው ወገን መሆኑ ግልጽ ነው።

የሱትላንድ ተመራማሪዎች በ2010 ያቀረቡት ጥናት የፈታኙን አንደበት ለይቶ መዘነ። 80 ሰዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ዝም ብሎ ሠራ። ሁለተኛው እያሰበ ሲናገር ፈታኙ «መናገርዎን ይቀጥሉ» ከማለት አላለፈም። ለሦስተኛው «እህ»፣ «እሺ» እያለ አዳመጠ። አራተኛውን ግን እየጠየቀ አገዘው። ድረ ገጹ ያው አንዱ ነው። ሆኖም የታገዙት ከሌሎቹ የበለጠ ትክክለኛ መልስ አገኙ፤ ሳይታገዙ ጮክ ብለው ካሰቡት ከሁለቱ ቡድኖች ይልቅም በገጹ ረኩ። የወሰደባቸው ጊዜ ብቻ አልተለያየም። እንግዲህ «ተጠቃሚዎች ወደውታል» የሚል ሪፖርት የደረሰው አለቃ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፈታኙ ምን ሲል እንደነበር ነው።

ለእኛ ሰው ነገሩ ሳይብስ አይቀርም። የ2020 ቆጠራ መመሪያ ከተዘጋጀባቸው 59 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ በዋሽንግተን ዲሲም እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ። በአማርኛ የተዘጋጀ ገጽ እንዲሞክሩ የተጠሩ የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እናት ቢቸገሩ እንኳ «አይ፣ ጥሩ ነው ልጄ» ማለታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ጋብዞ የተቀበለን ሰው ማሳፈር ነውር ነዋ! የሚያስተረጉምላቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ከሆነማ «አልገባኝም» የሚለው ቃል ጭራሽ አይወጣም።

በሙያው የቆዩ ፈታኞች መላ አላቸው። ገጹን የሠሩትን ሰዎች ወደ ሌላ ክፍል ይሸኛሉ፤ ስሕተት ፈልጎ ማግኘት ውለታ መሆኑን አስቀድመው ይናገራሉ። ተጋባዡ «እዚህ ልጫን?» ሲል «ብቻዎን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለው ይመልሱለታል። «ወደዱት?» የሚለውን ጥያቄ ትተውም እጁ የት እንደሚያመነታ ይመለከታሉ።