ጣርማ በር ላይ ዝም ያለው ጥርስ

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ውስጥ ጥርሱን የታመመ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል። ጉንጩን በፎጣ ደግፎ፣ በሌላ እጁ ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና ይጠብቃል። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። «መንግሥት ቤት እንዳትሄድ፣ ይነቅሉልሃል» ይላል አንዱ። «ግል ቤትም እንዳትሄድ፣ ይነቅሉሃል» ይላል ሌላው፤ የፈራው ለኪሱ ነው።

እኔ በሁለቱም ቤት ተነቅያለሁ፣ በሁለቱም ቤት ድኛለሁ። ልቤ የሚያደላው ግን ለመንግሥት ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ነው። ሰው ስለ ልብና ስለ ዓይን ሕክምና በአድናቆት ያወራል፤ ይቺ ክፍል ስትነሳ ፊቱን ያጨማድዳል። አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ግድግዳው ላይ የ32 ጥርስ ሥዕል፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሽታ። ያ ሽታ ቅርንፉድ ነው። ለጊዜያዊ ሙሌት የሚሆነው ነጭ ዱቄት የሚለወሰው ከቅርንፉድ በሚወጣ ዘይት ነውና። እናቶቻችን «ቅርንፉድ ንከስበት» የሚሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ቤንዚን በጥጥ ነክሮ ጥርሱ ላይ የሚያኖረው ሰው ግን ይህን ከማን እንደተማረ እንጃ፤ ድዱን አቃጥሎ አንድ የነበረውን በሽታ ሁለት አድርጎ ይመጣል።

ክፍሏ የምትሠራው የታወቀ ነው፦ ማጠብ፣ መሙላት፣ የሥር ሕክምና፣ መንቀል። ዋጋው በመንግሥትም በግልም አንድ ዓይነት መሰላል ይወጣል። መንቀል ከታች ነው፤ ሙሌት ከእሱ ከፍ ይላል፤ የሥር ሕክምና ከዚያም በላይ ነው፤ በላዩ የሚደፋው ልባስ ደግሞ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። የግሉ ቤት መሰላል ሰፋ ሰፋ ያለ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥርስ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግራ በኩል ያለው የታች መንጋጋዬ ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ የማይሞላ ቆላ ነው፤ ሌሊቱም አይበርድም። ትኩስ ሻይ ሲነካው ጥርሴ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ስይዝበት ጋብ ይላል። በአራተኛው ቀን መኪና ያዝኩ። ከጎኔ አንድ የቀወት ወረዳ የሽንኩርት ገበሬ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ እንደኔው ጉንጫቸው ያበጠ ተቀምጠዋል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን። (ቆሎ ወዳጆች፣ በተሰነጠቀ ጥርስ ባቄላ መቆርጠም ተዉ!)

ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ጣሊያን ያስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ጋ ሲደረስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ያ የታወቀ ብርድ ገባ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ አፌን ለነፋሱ ሰጠሁት። «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ልንሞት ነው» አሉ ገበሬው። እኔ አልሰማም፤ ጥርሴ ዝም ብሏል! ሦስት ሌሊት ያሠቃየኝ ጥርስ ልክ እንዳልነበረ ሆነ። «ዳንኩ መሰለኝ» አልኳቸው።

ደብረ ብርሃን የመንግሥት ሆስፒታል ስደርስ የጥርስ ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ሆነ፦ «ቀዝቃዛ ሲነካው ይብስብዎታል ወይስ ይተውዎታል?» እኔም በኩራት «ይተወኛል!» አልኩ። መስታወቷን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አርፍደዋል።»

ይህቺን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለማላውቀው ሰው ሁሉ አስተምራለሁ። የጥርስ ነርቭ እንደ አጥንት በጠነከረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራል። እጅ ሲቆጣ ያብጣል፤ ነርቩ ግን የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ይታነቃል። ጉዳቱ ገና ሲጀምር ቀዝቃዛ ነገር ውልብ አድርጎ ያምመዋል፤ ቀዝቃዛው ሲነሣ ወዲያው ይተዋል። ይህ ነርቭ በሕይወት አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሌት ይበቃዋል። ሲብስበት ሕመሙ ይቆያል፤ ያለ ምክንያት ሌሊት ያስነሣል። ቀጥሎ ትኩስ ነገር እየቀሰቀሰው፣ ቀዝቃዛው የሚያስታግሰው ሲሆን ነርቩ እየሞተ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ሕመሙ ጭራሽ ይጠፋል። ሰው «ተመስገን፣ ተወኝ» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። አልተወውም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። ሬሳው እዚያው ይቀመጥና ከወራት በኋላ መግል ሆኖ በድድ ይወጣል።

አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ የምትውጡትም ስሙኝ። መድኃኒት የሚሄደው በደም ነው፤ በሞተ ነርቭ ውስጥ ደም የለም። እብጠቱ ይጎድልና የተሸነፋችሁበትን ጥርስ ያሸነፋችሁት ይመስላችኋል።

ስለዚህ «መንግሥት ቤት ይነቅላል፣ ግል ቤት ያድናል» የሚባለው ከግማሽ በላይ ስም ማጥፋት ነው። መንግሥት ቤት የሚነቅለው አብዛኛው ሰው ለመነቀል ሲደርስ ብቻ ስለሚመጣ ነው። ቀዝቃዛ ውልብ ሲያደርገው የመጣ ሰው በሁለቱም ቤት ሙሌት ያገኛል። ወንበሩ የማን ነው ከሚለው በፊት መቼ ተቀመጥኩበት የሚለው ይቀድማል።

ይህን ስል የመንግሥቱን ክፍል ቅዱስ አላደረግኩትም። ወረፋው ከንጋት ይጀምራል። የሙሌት ዕቃ ያልቃል፣ ወንበሩ ይበላሻል፣ ማደንዘዣውን ከውጭ ግዛ የሚባልበት ቀን አለ። እንዲህ ባለ ቀን ሊድን የሚችል ጥርስ ለመንቀል ይቀርባል። ያኔ «ቢሞላ ወይም ሥሩ ቢታከም ይድናል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይድናል ከተባላችሁ ወደ ግል መሄጃው ጊዜ ያ ነው። የኔን ጥርስ እንዲህ ሆኖ ነው ግል ቤት የወሰድኩት። እዚያም ወንበሩ ላይ ከተጋደምኩ በኋላ ራጁ ለብቻው፣ ልባሱ ለብቻው ይታሰብ ጀመር፤ አፉ የተከፈተ ሰው ደግሞ አይከራከርም። ቁጭ ሳትሉ ጠይቁ፦ ጠቅላላው ስንት ነው? ስንት ቀጠሮ አለው? ራጅና ልባስ አለበት? በወረቀት ይጻፍልኝ በሉ። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የጠፋ የሥራ ቀን አለበት። ያንን ያልደመረ ሂሳብ ሂሳብ አይደለም። ለልባስ የሚሆን ገንዘብ እቁብ ሲደርስ ይወጣል፤ ዕድር ለጥርስ አያወጣም።

መድኑን በተመለከተ፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። ደብተሩን አሳድሱ፤ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ሳትይዙ ወደ ላይ አትዝለሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን እንደ ማስዋቢያ ተቆጥሮ ከመድኑ ውጭ ነው። ስለዚህ የሚነቀለው በመድን ይነቀላል፤ የሚተካው በኪስ ይተካል።

ወላጆችን ሳልቆጣ አላልፍም። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ መንጋጋ ብቅ ይላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅለት ስለሚበቅል የወተት ይመስላል፤ «ይወልቃል፣ ይተካል» ይባልና ከረሜላ ይበላዋል። አይተካም! የዕድሜ ልኩ ነው። እንዲሁም ከአገጭ በታች ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ያቃተው ሰው መንግሥት ግል እያለ አይምረጥ፤ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሩጥ።

ማታ ስመለስ ገበሬው በዚያው መኪና ናቸው። ጥርሳቸውን አስነቅለው፣ በመድን ደብተራቸው ጨርሰው፣ ጥጥ ነክሰዋል። እኔ ያልተጨረሰ የሥር ሕክምናና ሌላ ሁለት ቀጠሮ ይዣለሁ። «እኔ አንዴ ነው፣ አንተ ትመላለሳለህ» አሉኝ በጥጡ መሐል፤ ሳቃቸውን አልደበቁም። ጣርማ በርን ስናልፍ ሐኪሟ የጠየቀችኝን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

«ትንሿ ልጄ» አሉ ደብረ ሲና ላይ፣ «ቀዝቃዛ ለስላሳ ስትጠጣ ጥርሷን ይጠዘጥዛታል።»

«ስታስቀምጠውስ?»

«ወዲያው ይተዋታል።»

«ነገ ይውሰዷት» አልኩ፤ «ሽንኩርቱ ይቆይ።»