ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥም የዓይን መቆርቆርና የጠብታ መድኃኒት ጠንቅ፦ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዴት ይለያል?

የዓይን ሞራ ግርዶሽ በአገራችን ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት እንዳመለከተው ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ግማሽ የሚሆኑት (49.9 በመቶ) ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነበር። ለዚህ በሽታ የሚበጅ ጠብታም ሆነ ኪኒን የለም። መፍትሔው የፈዘዘውን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ይህም ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ከጀመረው ወዲህ እየተሻሻለ መጥቶ፣ ዛሬ በአነስተኛ ቁስል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ስፌት፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጸም ቀዶ ሕክምና ሆኗል።

ቀዶ ሕክምናው ቢያጥርም ሕክምናው ግን ሳምንታት ይወስዳል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ከሚዛን አማን፣ ከቴፒ፣ ከሸዋ ቤንች ወይም ከበበቃ የቡና እርሻ አካባቢ የሚመጣ ታካሚ በሆስፒታል ወይም በዘመቻ ሕክምና ከተሠራለት በኋላ በማግስቱ ፋሻው ይነሳለታል፤ አንድ ወይም ሁለት የጠብታ ጠርሙስ ተቀብሎም ወደ ቀበሌው ይመለሳል። በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ዓይኑን የሚያየው ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም አይደለም። የሚያየው የጤና ጣቢያው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። የሚቀርበውም አቤቱታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዓይኔን ይቆረቁረኛል፤ ጠብታውም ያቃጥለኛል» የሚል።

ከዚህ አንድ አቤቱታ በስተጀርባ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በመዳን ላይ ያለ ቁስል፣ በመድኃኒቱ የተቆጣ ዓይን፣ ወይም በዓይን ውስጥ የገባ የባክቴሪያ ብግነት። የመጀመሪያው ማረጋጊያ ቃል፣ ሁለተኛው የመድኃኒት ለውጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚያው ዕለት መኪና ይፈልጋል። በጠብታ የተቆጣውን ዓይን «ተመርቅዟል» ብሎ ሌላ ጠብታ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። የተመረቀዘውን ዓይን «ጠብታው ነው ያቃጠለዎት፤ ይለምዱታል» ብሎ መሸኘት ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነው።

የሚጠበቀው መቆርቆር

በቀዶ ሕክምናው ወቅት ወደ ኮርኒያ የሚሄዱ ጥቃቅን ነርቮች ይቆረጣሉ፤ የእንባ ሽፋኑም ለጊዜው ይዛባል። ስለዚህ ታካሚው አሸዋ የገባበት ያህል ቢሰማው፣ ዓይኑ ቢያለቅስና ብርሃን ቢፈራ አያስደንቅም። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ደም የመሰለ ቅላት ቢታይም፣ ዕይታው ካልቀነሰና ሕመም ከሌለው፣ እንደማንኛውም የበለዘ ቆዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። መቆርቆሩ በአብዛኛው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። የእንባ ድርቀቱ ግን፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ እስከ ሦስት ወር ሊዘልቅ ይችላል።

ዋናው መለያ የሂደቱ አቅጣጫ ነው። ጤናማ ዓይን ከቀን ወደ ቀን ሕመሙና ቅላቱ እየቀነሰ፣ ዕይታው እየጠራ ይሄዳል። «ከትናንት ዛሬ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ያምዎታል ወይ?» ከሚለው የበለጠ መረጃ ይሰጣል። በዚህ አካባቢ ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፊኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ስለሚነገሩ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ ያልፋል። ማሳከክ፣ ማቃጠልና መውጋት በትርጉም ወቅት በቀላሉ ወደ አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። ታካሚዋን «እናቴ፣ እሚያደርግዎትን በእጅዎ ያሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። የሚያሳክከው ሰው ቆቡን ያሻል፤ ውስጡን የሚያመው ግን ዓይኑን ሳይነካ ቅንድቡንና ግንባሩን ይይዛል።

ጠብታው ራሱ ሲያውክ

የዓይን ጠብታ ሲገባ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ማቃጠሉ በራሱ ጠንቅ አይደለም። ጉሮሮ ላይ የሚሰማው ምሬትም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ በእንባ ቱቦ በኩል ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ጉሮሮ ስለሚወርድ ነው። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ የዓይንን ውስጠኛ ማዕዘን ከአፍንጫው በኩል ለሁለት ደቂቃ በጣት ጫና ማድረግ ምሬቱን ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም በዓይን ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ይህን ሳይነገራቸው «መድኃኒቱ አንጀቴ ገባ» ብለው ሕክምናውን የሚያቋርጡ ታካሚዎች ስላሉ ማብራሪያው ጊዜ ማባከን አይደለም።

እውነተኛው ጠንቅ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የመርዛማነት ጠባይ ያለው ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች፣ እንዲሁም ጠርሙሱ እንዳይበከል የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ፣ በየሰዓቱ ወይም ለሳምንታት ሲደጋገሙ የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ያቆስላሉ። ሕመሙ ጠብታው እንደገባ የሚባባስ ማቃጠል ነው። ማሳከክ አይበዛበትም። ፍሎረሴይን ቀለም ካለ በኮርኒያው ታችኛ ክፍል ላይ ነጠብጣብ ይታያል። አንድ ጠብታ በዓይን ውስጥ ሊቆይ ከሚችለው መጠን ስለሚበልጥ ሁለትና ሦስት ጠብታ በአንድ ጊዜ ማንጠብጠብ ትርፉ ቆዳውን ማራስ ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሊጠብቅ ይገባል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። በዚህ ረገድ በጣም የታወቀው ኒዮማይሲን ሲሆን፣ ከዴክሳሜታዞን ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ጠርሙስ ስለሚቀርብ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይታለፋል። ቀደም ሲል ኒዮማይሲን ያለበት የቆዳ ቅባት የተጠቀመ ሰው በአንድና በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሌላው ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ማሳከኩ ብርቱ ነው፤ ቆቡ ያብጣል፤ ቀጭን ነጭ ፈሳሽ ይኖራል። ከሁሉም የሚለየው የቆዳው ምልክት ነው። ጠብታው በሚፈስበት በታችኛው ቆብና በጉንጭ ላይ ቆዳው ይቆጣል። የሕክምና መጻሕፍት «ይቀላል» ሲሉ የሚገልጹት በነጭ ቆዳ ላይ የሚታየውን ስለሆነ፣ በእኛ ታካሚዎች ላይ መፈለግ ያለበት የጠቆረ፣ የደረቀ፣ የሻከረና የሚላጥ ቆዳ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ቅላት ሲፈልግ አለርጂው ያመልጠዋል። ዕይታው ግን እንደነበረ ነው፤ ጥልቅ ሕመምም የለም።

ማሳከኩ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም የነበረ መሆኑን መጠየቅ አይዘንጋ። ይህ ምድር ኦንኮሰርኪያሲስ የሚገኝበት፣ አይቨርሜክቲን ለዓመታት በማኅበረሰብ ደረጃ ሲታደል የኖረበት ስለሆነ መላ አካላቱን የሚያከው ሰው ሁሉ የጠብታ አለርጂ የያዘው አይደለም።

እርምጃውን በተመለከተ ቀላሉና አደገኛው ነገር «ሁሉንም ያቁሙ» ማለት ነው። ስቴሮይዱ በመጀመሪያው ሳምንት በድንገት ከተቋረጠ በዓይን ውስጥ ያለው ብግነት ሊያገረሽ ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ የሚጠረጠረውን ብቻ ማውጣት ነው። ይኸውም ቅልቅሉን ትቶ፣ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገው ክፍል ጋር በስልክ ተማክሮ፣ ስቴሮይዱን ለብቻው መቀጠልና እንደ አስፈላጊነቱ ከሌላ ወገን የሆነ አንቲባዮቲክ መተካት ነው። በንጹሕ ውኃ የተነከረ ቀዝቃዛ ጨርቅ በተጨፈነው ቆብ ላይ፣ ሳይጫኑ፣ ማድረግ ያሳርፋል። መድኃኒቱ ተለውጦ በሁለትና በሦስት ቀን ለውጥ ካልታየ ግምቱ ትክክል አልነበረምና ታካሚው መላክ አለበት። ለትራኮማ ተብሎ በየጤና ጣቢያው የሚገኘውን ቴትራሳይክሊን ቅባት ለቀላ ዓይን ሁሉ የመስጠት ልማድ እዚህ ላይ አይበጅም። ዕይታን ስለሚያደበዝዝ በማግስቱ ዓይኑ መባሱንና መሻሉን መለየት ያስቸግራል።

ሕመም ማስታገሻ የሆኑት እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ጠብታዎችም ከጥርጣሬ ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ አንድ የዲክሎፌናክ ጠብታ የኮርኒያ መሟሟት ካስከተለ በኋላ ከገበያ ተሰብስቧል። ኮርኒያው ላይ ነጭ ወይም የተሰረጎደ ቦታ ከታየ ጠብታው ወዲያው ይቆማል፤ ታካሚውም ይላካል።

የማያቃጥለው ጠንቅ

ስቴሮይድ ዓይንን ያነጣል፤ ያሳርፋል። ለዚህም ነው ታካሚው የሚወደው፣ ሲያልቅም ከመድኃኒት መደብር ደግሞ የሚገዛው፣ ዓይኑ ለቀላ ጎረቤትም የሚያካፍለው። ነገር ግን ከሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ለሳምንታት ስቴሮይድ ሲጨመርላቸው የዓይን ውስጥ ግፊታቸው በመጠኑ ይጨምራል፤ 5 በመቶ ያህሉ ደግሞ በብርቱ። በአብዛኛው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚታይ ሲሆን፣ ሕመም ስለሌለው ነርቩ እስኪጎዳ ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በሚወስደው የመቀነሻ መርሐ ግብር መሠረት ማለቅ ያለበት ጠርሙስ ግፊት ሳይለካ ሊታደስ አይገባም።

በዚያው ቀን መላክ ያለበት ዓይን

ኢንዶፍታልማይቲስ፣ ማለትም በዓይን ውስጥ የሚፈጠር መግል፣ ብዙ ጊዜ የሚከሰት አይደለም። ሲከሰት ግን በሰዓታት ውስጥ ብርሃንን ያጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንትም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱ የታተመው በ420 ታካሚዎች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት የምልክቶቹን ድግግሞሽ መዝግቧል። ዕይታቸው የደበዘዘው 94 በመቶ፣ ዓይናቸው የቀላው 82 በመቶ፣ ሕመም የነበራቸው 74 በመቶ ነበሩ። ይህም ማለት ከአራት ታካሚዎች አንዱ ሕመም አልነበረውም። «ካላመመው አይደለም» የሚለው አነጋገር በዚህ አኃዝ ይፈርሳል። ከሕመሙ በላይ መታመን ያለበት ዕይታው ነው።

ዕይታን ለመለካት ሰንጠረዥ ባይኖርም ሌላውን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ በ6፣ በ3፣ ከዚያም በ1 ሜትር ጣት ማስቆጠርና በመውጫ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከቀነሰ፣ ወይም በፊት ይቆጥር የነበረው አሁን የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ወይም በባትሪ ብርሃን ሲታይ ከኮርኒያው በስተጀርባ ታችኛው ጠርዝ ላይ ነጭ መግል ከረጋ ሌላ ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም። ብሌንን የሚያሰፉ ጠብታዎችም ዕይታን ስለሚያደበዝዙ ምን እንደተሰጠው ማረጋገጥ ይገባል፤ ጥርጣሬ ካለ ግን መላኩ ይቀድማል።

ፋሻ አይታሰርም፤ ዓይኑም አይጨመቅም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ ካለ በየሰዓቱ እየተጨመረ፣ ለተቀባዩ ክፍል በስልክ ተነግሮ ታካሚው ይንቀሳቀሳል። ቁርጠኛው ሕክምና ቫንኮማይሲን 1 ሚሊ ግራምና ሴፍታዚዲም 2.25 ሚሊ ግራም በዓይን ውስጥ በመርፌ መስጠት ሲሆን፣ ይህ የሚሰጠው በዓይን ሐኪም ነው። ለደቡብ ምዕራብ የዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ከሚዛን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጭቃ ባለበት ወር ከቀበሌ እስከ አስፋልት ያለው መንገድ ከዚያ በኋላ ካለው ሊረዝም ስለሚችል «ነገ ጠዋት ይሂዱ» የሚለው ምክር በተግባር ሁለት ቀን ይሆናል።

በአንድ ዘመቻ ከታከሙት መካከል ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ምልክት ይዘው ከመጡ ቀሪዎቹም መጠራት ይኖርባቸዋል። ምንጩ የጋራ የሆነ ፈሳሽ ወይም መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ጠርሙሱና ቤቱ

የተከፈተ ጠብታ ከአራት ሳምንት በላይ አያገለግልም፤ ጫፉም ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን መንካት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በባክቴሪያ የተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ 81 ሰዎችን በክሎ ለአራት ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ይህ የሆነው ፋብሪካና ቁጥጥር ባለበት አገር ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው ደለል የሚሠራ ጠብታ ካልተናጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ብቻ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ደለሉ ይሆናሉ።

የምድጃ ጭስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚቆላ ቡና፣ በመከር ወራት ደግሞ የቡና መፈልፈያው አቧራ ዓይንን ይቆረቁራሉ። እናትዬዋን ከምድጃ ራቂ ማለት ብቻውን አይሠራም። ቡናውን ለጥቂት ሳምንታት ልጅ ወይም ምራት እንድትቆላ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ይሻላል። የዕፅ ጭማቂና የጡት ወተት ወደ ዓይን እንዳይገባም አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት። አንዳንዱ ሰው ጠብታው ሲያቃጥለው የሚሸሸው ወደዚያ ነውና፤ ስለሆነም ሲመረመር ሳይወቀስ ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራል።

በመጨረሻም አለርጂ የታየበት መድኃኒት ስም በታካሚው ካርድ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሁለተኛው ዓይን ለቀዶ ሕክምና ሲቀርብ ያው ጠርሙስ ደግሞ እንዳይሰጠው ተቀባዩ ክፍል የሚያውቀው ከዚያ ጽሑፍ ነው።