አንድ እጁ የቦዘነ ወናፍ

ቀጥቃጭ ቤት ወናፍ ሲነፋ ያየ ያስታውሳል፤ ነፊው በሁለት ስልቻ መካከል ይቀመጣል። ቀኙን ሲጫን ግራው ይነሣል፣ ግራውን ሲጫን ቀኙ አየር ይስባል። በአንድ ስልቻ ቢሆን ፍሙ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ብረት አያግልም። በ1850ዎቹ ማብቂያ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የማያቋርጥ ትንፋሽ ካለው እሳት የወጣ ነው።

ዛሬ የስልቻውን ሥራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሊወስድለት ይችላል። ሚኒሶታ ያለ ዘመዳችንን በክረምት የሚያሞቀው ፈርነስም ብዙ ጊዜ የሚተነፍሰው በዚሁ ዓይነት ሞተር ነው። በሽታቸውም አንድ ነው፦ ሲያበሩት እምምም ይላል፣ አይዞርም።

በአገራችን ነጠላ ፌዝ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ምልልሱ የቆመ ሞተርን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ ወዴት እንደሚዞር አይነግረውም፤ አንድ ስልቻ ማለት ነው። ስለዚህ በሞተሩ ውስጥ ሁለተኛ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ከሱ ጋር የታሰረው ካፓሲተር የዚያን ሽቦ ከረንት ከዋናው ያስቀድመዋል። ሁለቱ ሲፈራረቁ የማግኔቱ ኃይል መዞር ይጀምራል። ካፓሲተሩ ሲደክም የነፊው አንድ እጅ ቦዘነ።

መጀመሪያ ግን መብራቱን ከምንጩ አጥፍቶ ክንፉን በእጅ ማዞር ነው። ከከበደ ወይም ከተንቋቋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፤ የከሰል ብናኝ ከግራሶ ጋር ሲቦካ፣ በዚያ ላይ የጉና ተራራ ብርድ ሲጨመርበት፣ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ይላል። ቀለል ብሎ ከዞረ ግን ጥርጣሬው ወደ ካፓሲተሩ ይሄዳል። ያበጠ ካፓሲተር ምስክር አያሻውም፤ ያላበጠው በሜትር ይለካል። መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ሳያራግፉ መንካት አይገባም። የሚተካው በላዩ የተጻፈው ማይክሮፋራድ እኩል ሆኖ፣ ቮልቱ ከቀድሞው ያላነሰ ይሁን። «ትልቁ ይበልጥ ያስነሣል» የሚለው ምክር ሽቦ ያስጠቀልላል።

ማታ ማታ ብቻ የሚያቃስተውን ሞተር ግን ከመፍታት በፊት መስመሩን መለካት ይሻላል። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የማስነሻ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ጉልበት ከቮልቱ በላይ ፈጥኖ ነው የሚወድቀው።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ይህ ክንፉን ለማስነሣት አያስቸግርም፣ እንዲያውም ሸክሙ ይቀላል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ግን ያንሳል፤ ብዙ ሞተሮች የተሠፈሩት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ደግሞ ከሚዞረው እጅግ የበለጠ ከረንት ይጠጣል፣ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ነፋስም የለው። በጥቂት ሰከንድ ካልተነሣ ማጥፋት ነው።