የጋለ ሽቦ ሁለት ሥራ፦ ከአርሲ ትራክተር እስከ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

ፈሳሽ ነዳጅ ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም፤ የሚነደው ተኑ ነው። ናፍጣም ይሁን ቤንዚን እሳት የሚይዘው መጀመሪያ ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። የትምባሆ ነገርም ከዚህ አይርቅም፤ አጫሹ ወደ ሳንባው የሚስበው ኒኮቲንና ማጣፈጫ በሙቀት ካልተነነ በቀር ካለበት አይነሳም። ይህን ሙቀት ከክብሪት ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ለማግኘት ባለፉት መቶ ዓመታት ብዙ ፈጠራዎች ተመዝግበዋል። መልካቸው ቢለያይም መሠረታቸው አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደልብ የማያሳልፍ ቀጭን ሽቦ ኃይል ሲለቀቅበት ይግላል፣ የተጠጋው ፈሳሽም ይተናል።

ለዚህ የሚሆን ሽቦ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ተራ ብረት ደጋግሞ ሲግል ይዝጋል፣ ይበጠሳል። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 ኒክሮም ለተባለው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ስዊድናዊው ሃንስ ፎን ካንትዞቭ ደግሞ ብረትን ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም ጋር ቀይጦ ካንታል የተባለውን ሽቦ ሠራ። በእንጀራ መጋገሪያው የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚግለው ሽቦም የዚሁ ዘር ነው። ይኸው ሽቦ አንሶ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ገባ፤ የባሰውን አንሶም በኪስ የሚያዝ የማጨሻ ዕቃ ውስጥ ገባ።

በኢትዮጵያ ከሁለቱ የመጀመሪያው፣ የናፍጣ ሞተሩ አገልግሎት፣ በደንብ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአርሲ ደጋ ነው። አሰላ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በቆጂ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ በደጋው ሜዳ ላይ ውርጭ ይጥላል። የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ጨምቆ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያሞቀዋል፤ በዚያ ትኩሳት ውስጥ የተረጨው ናፍጣ ተንኖ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይህ ያለ ችግር ይካሄዳል። ችግሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ብረቱ ሌሊቱን በርዶ ስላደረ የተጨመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ አስረክቦ ይጨርሳል። አየሩ ስስ በመሆኑ መጀመሪያውኑም የያዘው ሙቀት ጥቂት ነው። ባትሪው በብርድ ስለሚደክም ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ሲዘገይ ደግሞ አየሩ በፒስቶኑ ቀለበቶች ጎን ያመልጣል። የተረጨው ናፍጣ ሳይተን እንደ ጠል በግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ሞተሩም አይነሳም።

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጥቷል። አንደኛው ካንዴሊታ ነው። ከጣት የማይወፍር ብረት ሲሆን ጫፉ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ይኖረዋል። በየወረዳው የሚታየው የቶዮታ ላንድክሩዘር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1ኤችዜድ ሞተር ስድስት ካንዴሊታ አለው። ሾፌሩ ቁልፉን ግማሽ ሲያዞር በዳሽቦርዱ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል። በዚያች ጊዜ የካንዴሊታዎቹ ጫፍ ወደ 850 ዲግሪና ከዚያ በላይ ግሎ ይቀላል። መብራቱ ሲጠፋ ሞተሩ ይነሳል፤ የሚረጨው ናፍጣ የጋለውን ጫፍ ሲያገኝ ተንኖ ይያዛል። የድሮዎቹ እስከ 20 ሰከንድ ያስጠብቁ ነበር። የዛሬዎቹ የሴራሚክ ካንዴሊታዎች በሁለት ሦስት ሰከንድ ይደርሳሉ። ቸኩሎ መብራቱ ሳይጠፋ ሞተሪኖውን የሚያስጮህ ሾፌር የሚያደክመው ባትሪውን ነው።

ሁለተኛው መንገድ የትራክተሮቹ ነው፤ ለአርሲም የበለጠ ታሪክ አለው። በስዊድን መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከሉ አድርጎ የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ በተለመደ ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለገበሬው አስተዋወቀ። የስንዴ ምርት ሲያድግ ትራክተርም ተከትሎ መጣ። ብዙ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ስለጀመሩ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ፤ ይህ የዚያ ዘመን መራራ ገጽታ ሆኖ በጥናቶች ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ ከታወቁት ትራክተሮች መካከል ማሲ ፈርጉሰን ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ የወጣው ሞዴል 135 የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ናፍጣው በቀጥታ በፒስቶኑ አናት ላይ ስለሚረጭ በየሲሊንደሩ ካንዴሊታ አላስፈለገውም። በምትኩ በአየር መሳቢያው ቧንቧ ላይ አንድ ቴርሞስታርት የተባለ መሣሪያ ተገጠመለት።

ቴርሞስታርት ትንሽ ቢሆንም አሠራሩ ያስደንቃል። መሐሉ ላይ በአንዲት ትንሽ ኳስ የተዘጋ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ፤ ዙሪያውን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ቦታ ሲዞር ሽቦው ይግላል፣ ቱቦውም በሙቀት ይለጠጣል። ሲለጠጥ ኳሷ ከመቀመጫዋ ትላቀቅና ከላይ ከተቀመጠች አነስተኛ ጣሳ ናፍጣ ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ይተናል። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቆይቶ ሞተሪኖው ሲነካ የሚሳበው አየር ከተኑ ጋር ይቀላቀልና በሽቦው ጫፍ ይቀጣጠላል። በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ እውነተኛ ነበልባል ይታያል፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየርም በዚያ ላይ አልፎ ሞቆ ይገባል። ቁልፉ ሲለቀቅ ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ኳሷም መንገዱን መልሳ ትዘጋለች። ቫልቩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ያው ሙቀት ነው፤ ሌላ ማዘዣ አያስፈልገውም።

በደርግ ዘመን በናዝሬት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው ፋብሪካ የተገጣጠሙት የቤላሩስ ትራክተሮችም በመሳቢያው ቧንቧ ላይ ነበልባል የሚፈጥር ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበራቸው። ፐርኪንስ የእንግሊዝ ነው፣ ቤላሩስ የሚንስክ፤ ሁለቱም ለብርድ ያገኙት መልስ አንድ ሆነ። ኮምባይነሩ እንኳ ይሻላል፤ የስንዴው ዛላ ከጤዛ እስኪደርቅ ስለሚጠብቅ ሥራውን የሚጀምረው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው። ማለዳ የሚነሳው ትራክተር ግን ያለ ማሞቂያ ይቸገራል።

ማሞቂያው ሲበላሽ ምልክቱ አይደበቅም። ሞተሪኖው እያዞረ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታም አብሮት ይመጣል። ይህ ነጭ ነገር ተንኖ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። በቴርሞስታርት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው መበጠስ ወይም የጣሳዋ ባዶ መሆን ነው፤ ጣሳዋ የምትሞላው ከኖዝሎቹ በሚመለሰው ትርፍ ናፍጣ ስለሆነ መመለሻው ቱቦ ከተሰነጠቀ ሽቦው ያለ ነዳጅ ይግላል። ጥገናው ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙዎች ይተዉታል፤ ትራክተሩን ተዳፋት ላይ አቁመው ማሳደር ወይም በመሳቢያው ላይ ኤተር ያለበት ማስነሻ መርጨት ይመርጣሉ። ኤተር መርጨት አደገኛ ልማድ ነው። ኤተር በ160 ዲግሪ ገደማ በራሱ የሚቀጣጠል ስለሆነ የጋለ ካንዴሊታ ወይም የሚነድ ቴርሞስታርት ካገኘ ፒስቶን ይሰብራል፣ የሚረጨውንም ሰው ፊት ያቃጥላል። ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ኤተር ፈጽሞ መረጨት የለበትም።

ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን ይህን ያህል እገዛ አይሻም። ኤታኖል ግን ይሻል። በብራዚል በኤታኖል የሚሄዱ መኪኖች በብርድ ጠዋት አልነሳ ስላሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ነዳጁን ከመረጨቱ በፊት በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሥርዓት በፎልክስዋገን መኪና ላይ ወጣ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የፊንጫን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅል ቆይታለች፤ ድርሻው በመጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 ከመቶ ስለነበረ እንዲህ ያለ ማሞቂያ አላስፈለገም።

የትምባሆው ወገን ታሪክ የተጀመረው በመድኃኒት ነው። ጆሴፍ ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1927 አመልክቶ በ1930 ለኤሌክትሪክ ማትነኛ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዓላማው ሕመምተኛ መድኃኒትን በተን መልክ እንዲስብ ነበር። ለገበያ ግን አልበቃም። ኸርበርት ጊልበርት በ1963 ያመለከተበትና በ1965 መብት ያገኘበት ሲጋራ ትምባሆም ጭስም አልነበረውም፤ በባትሪ የሞቀ፣ ጣዕም የተጨመረበት እርጥብ አየር ነበር። እሱም አምራች አጣ። ነገሩን ወደ ገበያ ያወጣው ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው። ከራሱ የሲጋራ ሱስ ለመላቀቅ ሲል እ.ኤ.አ. በ2003 ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ የሚያተንን መሣሪያ ሠራ። የመጀመሪያው ንድፍ ፈሳሹን በድምፅ ሞገድ የሚበትን ነበር፤ ኋላ የተስፋፋው ግን ሽቦ የሚያግለው ዓይነት ነው።

የዛሬው መሣሪያ አነስተኛ የሊቲየም ባትሪ፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ፈሳሽ የሚመጥ የጥጥ ክርና ማጠራቀሚያ አለው። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188፣ ኒኮቲን በ247፣ ግሊሰሪን በ290 ዲግሪ ይፈላሉ፤ ሽቦው ጥጡ እርጥብ እስካለ ድረስ ከዚህ ብዙ አያልፍም። ጥጡ ከደረቀ ግን በትራክተሩ ባዶ ጣሳ የሚሆነው ይሆናል፦ ሽቦው ያለ ፈሳሽ ይግላል፣ የቀረው ግሊሰሪን ይሰባበርና ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የተባሉ መርዛማ ነገሮች ይወጣሉ። የትራክተሩ ተን በሲሊንደር ውስጥ ነዶ በማርሚታ ይወጣል፤ ይኸኛው ተን ግን መጨረሻው የሰው ሳንባ ነው።

ማጣፈጫው የነገሩ ልብ ነው። ከረሜላ፣ ማንጎ፣ ሚንት የሚል ፈሳሽ ለለመደ አጫሽ ብቻ የተሠራ አይደለም። በምግብ ውስጥ ጉዳት የማያደርስ ቅመምም ሲተን ሌላ ነው፤ የቅቤ ጣዕም የሚሰጠው ዳያሴቲል በአሜሪካ ፈንዲሻ ፋብሪካዎች የሠራተኞችን ሳንባ እንደጎዳ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በተከሰተው የሳንባ ጉዳት ወረርሽኝ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ ወይም ሲሞቱ፣ ከነዚህ 68ቱ ሞተዋል፤ ዋናው ጥፋተኛ በአብዛኛው ከካናቢስ ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሴቴት ነበር። በቅባትነቱ ቢዋጥ የማይጎዳ ነገር ተንኖ ሲሳብ ገደለ።

ሌላው ዘመዱ ትምባሆውን ራሱን ሳያነድ የሚያሞቀው ነው። ፊሊፕ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ አኮርድ በሚል ስም ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ፤ በ2014 በጃፓን ናጎያና በጣሊያን ሚላኖ አይኮስን ይዞ ተመለሰ። ዕቃው ቅጠሉን እስከ 350 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ የሚነድ ሲጋራ ጫፍ ከ800 ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ የመቃጠል ውጤቶች ይቀንሳሉ፤ ኒኮቲኑና ሱሱ ግን አብረው ይቆያሉ።

እንግሊዝ ለሲጋራ አጫሾች ማቆሚያ ይሆናሉ ብላ እነዚህን መሣሪያዎች ታበረታታለች፤ ከጎልማሶቿ ብዙዎች አጫሾች ለነበሩባት አገር ይህ የራሱ ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ሁኔታ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ማንኛውንም ትምባሆ የሚጠቀሙ ጎልማሶች 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጋያ በየገጠሩ ቢታወቅም ማጨስ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ሲነቀፍ የኖረ ነው። ከሲጋራ የሚላቀቅ ሕዝብ ጥቂት በሆነበት አገር ጣፋጭ ተን የሚያመጣው አዲስ ተጠቃሚ ነው፤ እሱም ወጣቱ። በዚህ ረገድ ሕጉ የያዘው አቋም ትክክል ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን መሣሪያዎችን፣ ሺሻንና ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆ ከልክሏል። ተራ ሲጋራ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም፤ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ የፓኬቱን ፊትና ጀርባ 70 ከመቶ መሸፈን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው መግለጫ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን የከለከሉ አገሮች 34 እንደሆኑ አስታውቆ ማጣፈጫዎቹ ሁሉ እንዲታገዱ ጠይቋል።

ክልከላውን የሚያስከብሩት በፌዴራል ደረጃ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በአሰላና በመሰል ከተሞች ደግሞ የክልሉ የጤና ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ሥራቸውን የሚያከብደው የዕቃው መልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ ፍላሽ ዲስክ ወይም እስክሪብቶ ይመስላሉ፣ በኮምፒዩተር ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ሽታቸው የፍራፍሬ እንጂ የትምባሆ አይደለም። ወላጅም መምህርም ሊለያቸው የሚችለው በጫፋቸው ባለው የመሳቢያ ቀዳዳ፣ ፈሳሹ በሚታይበት መስኮትና በውስጣቸው በተጠቀለለችው ትንሽ ሽቦ ነው።