ወረራ፦ ተራ የማይጠበቅበት ፍልሚያ

ቢሾፍቱ ውስጥ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው ነው የሚንቀሳቀሱት። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ ይዘወተር የነበረው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረጅ፣ ግን ውጊያውን የሚከፍተው ያለ ተራ ነበር።

መክፈቻው ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይነሣሉ። አንዱ ሦስት መደቅ (የቼዝ ወታደር) ሲገፋ ሌላው ፈረሱን ያወጣል፤ የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ ሐሳቡን ከለወጠም መልሶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። ስንት ጊዜ አንቀሳቀስክ ብሎ የሚቆጥር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በየተራ ይሆናል።

የጦርነትን ግርግር ወደ ጨዋታ ማምጣት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው ሪስክ የተባለ የጦርነት ሰሌዳ ጨዋታ መላውን ያገኘው ከዳይስ ነው። አጥቂው እስከ ሦስት፣ ተከላካዩ እስከ ሁለት ዳይስ ይጥላሉ፤ ትልቁ ቁጥር ከትልቁ፣ ተከታዩ ከተከታዩ ይገጥማል፣ እኩል ከወጣ ተከላካዩ ያሸንፋል። ሦስት ለሁለት ሲጣል አጥቂው ሁለቱንም የሚያሸንፍበት ዕድል 37 በመቶ ገደማ ነው። ሰንጠረጅ ያንኑ ግርግር ያለ ዕጣ፣ በእጅ ፍጥነትና በዓይን ንቃት ብቻ ፈጠረው። ከሕጎቹ ሁሉ የሚደነቀውም ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ ገዥው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረጅ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ነበር ከቦታው የሚያስፈነጥረው። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ እየጮኸ ምክር ይሰጥ ነበር።

አጨራረሱም ክብር ይፈልጋል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም። በደር (በቼዝ ሩክ) ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ የሚመሰገነው እንደ መደቅ ባሉ ደካማ ጠጠሮች የጨረሰ ነው።

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ ጽፈዋል። ዛሬም በቼዝ ዕቃ መሞከር ይቻላል። ንግሥቲቱ ፈርዝ ትሆንና በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች፤ ቢሾፑ ፊል ሆኖ በማዕዘን አንድ ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ መደቅ ከመነሻውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይገፋም። ሁለቱም ንጉሣቸውን ከመሐል በስተቀኝ ስለሚያቆሙ ንጉሥ ፊት ለፊት የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው።