ባጃጅን የነደፈው የአውሮፕላን ሰው ነው

ሎተስ ሰቨን ስለምትባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ጻፍልን ያላችሁኝ በዝታችኋል። እሺ። ግን ቢሾፍቱ ተቀምጬ ስለ ቀላል ተሽከርካሪ ሳወራ በደጄ የሚያልፈውን ባጃጅ ዘልዬው አልሄድም፤ ሁለቱንም የወለዳቸው ክብደትን እንደ ጠላት የማየት ሐሳብ ነው።

የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን የተማረው ሲቪል ምህንድስና ሲሆን አውሮፕላን ማብረርም ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሰቨንን ሲያወጣ ቀጫጭን ቱቦላሬ በይዶ አጽሟን ሠራ፤ ላዩን አሉሚኒየም ላሜራ አለበሰው። የመጀመሪያዎቹ ላይ የተገጠመው 1172 ሲሲ የፎርድ ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢኖረው ነው። መኪናዋ ግን ግማሽ ቶን ገደማ ብቻ ስለምትመዝን ኩርባ ላይ ትልልቆቹን ታሳፍር ነበር። ገዢው ራሱ እንዲገጣጥማት ተበታትና ስትሸጥ የግዢ ታክስ አይነካትም ነበር። (ይቺ ዘዴ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለችም።)

ባጃጅ ደግሞ ዘሩ ከጣሊያን ነው። ፒያጆ የሚባለው ኩባንያ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ የፖንቴዴራ ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አቅሙ የሚችለውን መጓጓዣ የመንደፍ ሥራ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1930 በሄሊኮፕተሩ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበ መሐንዲስ ነው፤ ሞተር ሳይክል ግን አይወድም። ካቴናው ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማ መቀየርም መከራ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ ካቴናውን አስቀርቶ ሞተሩን ከኋላ ጎማ አጠገብ አደረገው። የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው። ሻንሲውን ትቶ ላሜራው ራሱ ጭነቱን እንዲሸከም አደረገ። በ1946 ቬስፓ፣ በ1948 ባለሦስት ጎማዋ አፔ ወጡ። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማምረት ጀመረ። ጎንበስ ብላችሁ የሰፈራችሁን ባጃጅ የፊት ጎማ እዩት፤ ዛሬም የተያዘው በአንድ ጎን ነው።

የአየር ኃይል ከተማ ልጆች ይህን ንድፍ መናቅ የለብንም። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። 200 ሲሲ ገደማ የሆነች ሞተር ሦስት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣው ተሽከርካሪው ቀላል ስለሆነ ነው።

ሁለቱ የሚለያዩት ኩርባ ላይ ነው። ሰቨን መሬት ለመሬት የተኛች ባለአራት ጎማ ናት። ባጃጅ ግን ቁመቱ ረጅም፣ የፊት ጎማው አንድ ነው፤ ፍሬን ተይዞ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሄዳል፣ እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም። ከሹፌሩ ጎን ሰው ሲታከል፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ሲጫን ይባስ ነው። ሹፌሮች፣ ፍጥነታችሁን ከመታጠፋችሁ በፊት ቀንሱ። ተሳፋሪዎችም ሹፌሩ ጎን አትለጠፉ፤ የተሠራው ከኋላ ለሦስት ሰው ነው።